ቀጂ ያጣው ቦኖ

አፍሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለኝ። በደርግ ጊዜ፣ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ያሉ የገጠር ሴቶች በቅርባቸው ያለውን አዲስ ቦኖ ትተው ለምን ሩቅ ወንዝ እንደሚወርዱ አጥንቼ መፍትሔ እንዳቅድ ከናዝሬት ተላክሁ።

እንስራ አዝለው ከወንዝ የሚመለሱ አሮጊት አገኘሁና፣ «አዴ፣ የቦኖው ውሃ አይጣፍጥም?» አልኳቸው።

«ይጣፍጣል ልጄ። ግን ያለው የገበሬ ማኅበሩ ደጅ ላይ ነው። ልንቀዳ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ያስገባናል። እንስራው ይሞላል፣ ንግግሩ አያልቅም!»

ጥናቴን አይቶ የሚፈርመው ራሱ ሊቀመንበሩ ነበር። ፈራሁና፣ «የችግሩ ምክንያት የንቃት ማነስ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ዕቅዱ ወዲያው ጸደቀ። ሴቶቹን ለማንቃት በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው ቦኖው አጠገብ ስብሰባ እንዲደረግ ተወሰነ፤ ተናጋሪዋም እኔ ሆንኩ።