የእርቁ ዋስ

ወንድሜ በተቀበረ ማግሥት አማቴ ከእጄ መብላት አቆሙ። ያቀረብኩላቸውን የገብስ እንጀራ ገረፍ አድርገው አዩና "ዛሬስ አልራበኝም" አሉ፤ ከዚያ ጥግ ካስቀመጧት ከረጢት ራሳቸው የቆሉትን ቆሎ እያወጡ መቆርጠም ጀመሩ። በነጋታው ባሌም "አልራበኝም" አለ። ያኔ ገባኝ። ወንድሜን የገደለው የእሳቸው ልጅ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ የሟች እህት ነኝ፣ ድስቱ ደግሞ በእኔ እጅ ነው። መርዝ ፈርተው ነበር።

የተጣሉት በሣር ነው። ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬታችን በደንቡ ተዘግቶ ከርሞ የሚታጨድበት ቀን ሲደርስ፣ አገሬው ሁሉ ማጭዱን ስሎ ይወጣል። ወንድሜና የባሌ ወንድም የሁለቱ መንደር ድርሻ በሚለይበት ወሰን ላይ ጎን ለጎን ሲያጭዱ አንዱ "አለፍክብኝ" አለ፣ ሌላው "አንተ ነህ ያለፍከው" አለ። ዱላ ተነሣ፣ ወንድሜ ወደቀ። ለቤት ክዳን በሚሆን ሣር! እስከ ዛሬ የሣር ክዳን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ገዳዩ ተይዞ ተፈረደበት። ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ ቀበሌውም ሚሊሻውም ሞልቶ ነበር፤ ግን መንግሥት ሰው ያስራል እንጂ ደም አያደርቅም። ደም የሚያደርቀው ሽማግሌ ነው። እስኪደርቅ ድረስ የሁለቱ ቤተሰብ ወንዶች በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ በአንድ ገበያ አይውሉም።

የአባቴ ቤት ከባሌ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መሐሉ ላይ ገደል አለ። በለቅሶው ቀን የአልቃሾቹ ድምፅ ገደሉን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። የእናቴን ድምፅ ከሁሉም ለይቼ አውቀዋለሁ። እኔ በገዳይ ቤት ተቀምጬ፣ ልጄን እያጠባሁ፣ አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ። ልሂድ ብል "የቤታችንን ምስጢር ልታወጣ ነው" ይላሉ፤ ብቀር ወገኖቼ "የወንድሟን ገዳይ ቤት ታበስላለች" ይላሉ። አሉም። እናቴ በአንዲት ነጋዴ በኩል የላከችብኝ ቃል "ብትመጪም ያንን ልጅ ይዘሽ እንዳትመጪ" የሚል ነበር። ያንን ልጅ ያለችው የራሷን የልጅ ልጅ ነው።

ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ምንጩ የሁለቱም መንደር ነው። የአባቴ ወገኖች እንስራቸውን ከእንስራዬ ያርቃሉ፤ የባሌ ወገኖች ከማን ጋር እንደምነጋገር ለማየት ይከተሉኛል። አንድ ቀን አንዷ "ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጡም" ብላ ተረተችብኝ። እንስራዬን ልከሰክስባት ምንም አልቀረኝ። አንዱ ዛፍ ላይ ወለዱኝ፣ ሌላው ላይ ዳሩኝ፤ እኔ መች ወጣሁ? የቁም እስረኛ ማለት ምን እንደሆነ ያን ክረምት ተማርኩ። ገዳዩ እንኳ ወህኒ ቤት ጠያቂ ነበረው።

ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤት መሐል ሲመላለሱ ከረሙ። አንድ ማምሻ ባሌ ከእነሱ ዘንድ ተመልሶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሽማግሌ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ይህ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል።

"ደሙ እስኪደርቅ አባትሽ ቤት ትቀመጪ ተብሏል" አለኝ።

"ልጁስ?"

"ልጁ የአባቱ ነው።"

"ጡት እኮ አልጣለም!"

"ምን ላድርግ? ሽማግሌ ቆረጠ።"

ደም በስንት ጊዜ እንደሚደርቅ አልጠየቅኩትም። አንዳንዱ እስከ ልጅ ልጅ እንደረጠበ ይቆያል። ልጄን አቅፌ ተኛሁ፤ ሲገላበጥ የሚወስዱብኝ እየመሰለኝ ደጋግሜ ባነንኩ።

በዚያው ሰሞን ከወረዳ የሴቶች ጉዳይ አንዲት ባለሙያ መጣች። "የሥርዓተ ፆታ ትንተና" ላደርግ ነው የመጣሁት ስትል፣ ስሙ ስለከበደን አዲስ ግብር የመጣብን መስሎን ነበር። ነገሩ ግን ጥያቄ ነው። ማን ምን ይሠራል? ማን ምን አለው? ማን ይወስናል? የሴቶች ውሎ ሳይታወቅ፣ ሴቶች ሳይጠየቁ የወረደ እርቅ አይጸናም አለችን። እኔ በልቤ የከተማ ወሬ አልኩ።

እንዳይጋጩ ብላ ሴቶቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። የሟች ወገን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥላ፣ የገዳይ ወገን ወደ ትምህርት ቤቱ ደጅ። ሁሉም ወደየወገኑ ሄደ። እኔ ልጄን እንዳዘልኩ ሜዳው መሐል ቀረሁ።

"እህቴ፣ አንቺ ከየትኛው ወገን ነሽ?" አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ፣ ከዚያ እንባዬ። "እስቲ አንቺው ንገሪኝ" አልኳት። "የሟች እህት ነኝ፤ የገዳይ ወንድም ሚስት ነኝ። ይሄ ያዘልኩት ልጅ አጎቱ አጎቱን ገድሎበታል። የት ልቀመጥ?"

እዚያው አጠገቤ መሬት ላይ ዘፍ አለችና ስለ ውሎዬ ትጠይቀኝ ጀመር። ውሃ የት ትቀጃለሽ? ገብሱን የት ታስፈጫለሽ? እዚያ ማንን ታገኛለሽ? ከዚያ በፊት ውሎዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እያወራሁ ሳለ ነገሩ ለራሴ ተገለጠልኝ። ወንዶቹ ተራርቀው መኖር ይችላሉ፤ መንገዱንም ገበያውንም ተከፋፍለዋል። እኛ ግን ምንጫችን አንድ፣ ወፍጯችን አንድ ነው፤ በየቀኑ እንገናኛለን። ቀጣዩ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ባለሙያዋ በእርቁ ጉባኤ ሴት ትናገር ብላ ስትከራከር አንዱ ሽማግሌ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል" ብለው ሌሎቹን አሳቁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ወረዳው እንዳይቀየመው ፈርቶ "እሺ፣ አንዲት ሴት" አለ። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ስትል፣ ባለሙያዋ እኔን አስነሣችኝ። በአንድ ወገን አባቴ ከዘመዶቻቸው ጋር፣ በሌላው ባሌ ከወገኖቹ ጋር ተቀምጠዋል።

"አባቶቼ" አልኩ፣ "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ትላላችሁ። ውሃውን የሚቀዳውስ ማነው? ለወንዶቹ መንገድ ለያችሁ፣ ገበያ ለያችሁ፤ ምንጩን ግን ረሳችሁት። እዚያ ነገ ጠዋት አንድ እንስራ ቢሰበር ማታ ዱላ ይነሣል። እኔን ደግሞ እሷ ትሂድ፣ ልጇ ይቅር አላችሁኝ። ይህ ልጅ የሟች የእህት ልጅ ነው፤ የገዳይም የወንድም ልጅ ነው። ዛሬ ከጡቴ ብትነጥቁት፣ ሲያድግ የማንን ደም ይመልስ?"

አባቴ በርኖሳቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የማስታውሰው ያንን ነው።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተማከሩና ተመለሱ። ቅድም የተረቱት ሽማግሌ ራሳቸው ተናገሩ። "ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ቤትሽ ትቀመጪያለሽ፣ ልጅሽም ካንቺ አይለይም። ምንጩ ላይ ክፉ የምትናገር ሴት በሽማግሌ ፊት ትቆማለች። የእርቁ ዋስ አንቺ ነሽ። አንቺ እዚያ ቤት እስካለሽ ደሙ ደርቋል።"

ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። እኔም እልል አልኩ። ዋስ የሚሆነው ወንድ ነበር፤ ሴት የደም ዋስ ስትሆን ሰምተን አናውቅም፤ ኩራት ተሰማኝ። ቤት ስገባ አማቴ መሶቡ አጠገብ ተቀምጠው "እስቲ ከእጅሽ ልጉረስ" አሉኝ። አጎረስኳቸው። እሳቸውም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዋስ እንደማይሸሽ ያን ቀን አላሰብኩም።

ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ባሌ ዘመሮ ከተማ ሌላ ሴት አበጀ። ለመደበቅም አልደከመም። ፍቺ ጠየቅኩ። ማንኛዋም ባለትዳር ብትሆን ንብረቷን ተካፍላ ትሄዳለች፤ ሕጉም ይፈቅድላታል። ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው ጠቆረ። "አንቺ እኮ እንደ ሌላው ሴት አይደለሽም" አሉኝ። መንገዱ ተከፍቷልና እናቴ ዘንድ ተሻገርኩ። እናቴ እግሬ ላይ ወደቀች፤ "የቀረውንም ወንድምሽን ልታስገድዪብኝ ነው?" አለችኝ። አማቴ ልጃቸውን ሲራገሙ ውለው ያድራሉ፤ እኔን ግን ደጃፍ ላይ ቆመው በማርያም ይለምኑኛል። ሁሉም ያከብረኛል፣ ለቅሶም ሠርግም ላይ ቦታ ይለቅልኛል። የሚለቀኝ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ባለሙያዋ ዘመሮ ላይ በተዘጋጀ ስልጠና እንድመሰክር አስጠራችኝ። "እርቅ ያወረደች ሴት" ብላ ስታስተዋውቀኝ አዳራሹ አጨበጨበ። ተናገርኩ፣ እንደገና ተጨበጨበ። ሲያበቃ ለብቻዋ ወሰድኳትና የባሌንም የፍቺውንም ነገር ነገርኳት።

"ያኔ ማን ይሠራል፣ ማን አለው፣ ማን ይወስናል ብለሽ ጠየቅሽን" አልኳት። "እኔ መሄድ ብፈልግ ማን ይለቀኛል ብለሽ ግን አልጠየቅሽም።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ደግ ሴት ናት፣ አልጠላትም፤ መሬት ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ናት። "ምን ላድርግልሽ?" አለችኝ። "እኔም አላውቀው" አልኳት።

ከአዳራሹ ስወጣ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ረዳቱ "አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል። ደብረ ብርሃን እህቴ አለች፤ ልጄንም እሷ ዘንድ እንዲማር ልኬዋለሁ። የበሩን ብረት ያዝኩ፣ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አወጣሁ። ከዚያ ፀሐይዋን አየኋት፤ አዘቅዝቃለች። ዛሬ ሳልገባ ብቀር ሁለቱም መንደር ይፈልገኛል። የአባቴ ወገን "ምን አደረጋችኋት?" ይላል፣ የባሌ ወገን "የት ደበቃችኋት?" ይላል። ወንዱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ምንጩም ላይ ይገናኛል።

"እናቴ፣ ይገባሉ አይገቡም?" አለ ረዳቱ።

እግሬን አወረድኩ። ሳይመሽ ለመድረስ መሮጥ ነበረብኝ።