ድንቹን አፈር ውስጥ ያቆየንበት ዓመት

ልጅ እያለሁ የቤታችን ጎተራ መሬት ውስጥ ነበር። ከጉና ግርጌ የሚኖር ሰው ድንቹ ሲደርስ ሁሉንም አይቆፍርም፤ ለምግብ የሚበቃውን እያወጣ ሌላውን አፈር ውስጥ ትቶ ዋጋ እስኪያወጣለት ይጠብቃል። እናቴ ስትቆፍር የሚነሣው የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ከፍም የወጣውን ድንች ጣታችንን እያቃጠለን ከእጅ ወደ እጅ ስናገላብጠው... ያን ሳስታውስ አሁንም አፌ ውሃ ይሞላል። ከዚያ ቀጥሎ ግን ሌላ ሽታ ይመጣል።

ያ ሽታ ከመጣበት ዓመት በፊት ባለው ዓመት ድንች የተከለ ሰው ጥቂት ስለነበር ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ጎረቤታችን አያ ደምሌ የሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ አለበሰ። ፀሐይ ስትወጣ ያ ቆርቆሮ እኛ ደጅ ድረስ ያብለጨልጫል፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ዓይኑን በእጁ ከልሎ ያየዋል። ክረምቱ ሲገባ የገብሱን ማሳ ሁሉ ድንች ተከለበት። እናቴ ግማሹን እንኳ ለገብስ እንዲተው ለመነችው፤ ገብስ ጎተራ ገብቶ ዓመት እንደሚከርም፣ ድንች ግን እንደ እንግዳ ብዙ እንደማይቆይ ነገረችው። አልሰማትም። የአያ ደምሌን ቆርቆሮ ሲያይ የከረመው ደግሞ አባቴ ብቻ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ተራራው ሁሉ ድንች ሆነ። ከይፋግ አይሱዙ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ የጠራው ዋጋ አባቴን አስቆጣውና «ይቆይ፣ መሬት አይሰርቀኝም» ብሎ መለሰው። ጎረቤቱም ሁሉ በየማሳው ይህንኑ ይል ነበር። ኅዳር ላይ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ሳምንት ሙሉ ወረደ። አንድ ማለዳ ከማሳው በኩል የሞተ ከብት የሚመስል ሽታ መጣ። አባቴ ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ፤ ያወጣው ድንች በጣቶቹ መካከል እንደ አጓት ፈሰሰ።

የተረፈውን ለማዳን በዚያው ሳምንት ሁሉም ቆፈረ፣ ሁሉም ጫነ። ገበያው ላይ ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ገዢው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመካከሉ ይንሸራሸራል። ነጋዴው አባቴ የናቀውን ዋጋ ሩቡን ብቻ ጠራ። አባቴ ጨካኝ አለው። ሰውዬው አልተቆጣም።

«አባት፣ ዋጋውን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም። ዞረው ይመልከቱ» አለው።

አባቴ ዞረ። ከኋላው የቆመው አገሩ ሁሉ ነበር፤ አያ ደምሌም ጭምር።

ቤታችን ውስጥ ለምግብም ለዘርም ገብስ አልነበረም። የቀረን አንድ ጥማድ በሬ ነው። ከሁለቱ አንዱን፣ ቡሬን መሸጥ ማለት ከአራሽነት መውጣት ማለት እንደሆነ ልጆቹ እንኳ እናውቅ ነበር፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ጥር ሳይወጣ አባቴ ቡሬን እየነዳ የከብት ገበያ ሄደ፤ እኔም አልቀርም ብዬ ተከተልኩት። ስንደርስ የሰፈራችን በሬዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። በደቦ አብረው ሲያርሱ የከረሙ ነበሩና እርስ በርስ ተዋወቁ፤ ቡሬ ወደ አያ ደምሌ በሬ ተጠግቶ አንገቱን ይልሰው ጀመር። አያ ደምሌ ዙሪያውን አየና «ደቦ የጠራ አለ እንዴ?» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ቡሬ እንደ ድንቹ በወደቀ ዋጋ ሄደ። የሰፈሩ በሬ ሁሉ ተሸጦ የቀረውን በሬ አብሮን የሚያቀናጅ ጎረቤት ስላልነበረ፣ እሱም በሰኔ ተከተለው፤ መሬቱም ምርቱን ለሚካፈለን ለእኩል አራሽ ተሰጠ። አባቴ ከዚያ ወዲህ እርፍ ጨብጦ አያውቅም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ደብረ ታቦር ስማር የኢኮኖሚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ እርስ በርስ የሚያቋርጡ ሁለት መስመሮች አሰመረ። አንዱ ፍላጎት፣ አንዱ አቅርቦት። አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ይወድቃል፤ አንዳንዱ አምራች ከገበያ ይወጣል፤ ከዚያ ነገሩ ይስተካከላል አለን። እጄን አውጥቼ፣ የወጣው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩት። ክፍሉ ሳቀብኝ። ትምህርቱ የደረሰኝ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ ያንኑ መስመር ለተማሪዎች አስጠናለሁ፤ ከደብተሬ ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አባቴ ደወለ። ነጭ ሽንኩርት ተወዷል፤ አገሩ ሁሉ ወደዚያ ዞሯል፤ እኩል አራሹም መሬታችን ላይ እሱኑ መትከል ፈልጓል። «አንቺ ተምረሻል፣ ምን ይሻላል?» አለኝ። ልጅ እያለሁ አባቴ ማንንም አይጠይቅም ነበር፤ ሲሳሳት እንኳ ድምፁ ማሳ ይሻገራል። አሁን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ካልያዝኩ አይሰማኝም። ሁሉም አንድ ነገር ሲተክል የሚሆነውን ቀስ ብዬ አስረዳሁት፤ ግማሹን እንኳ ገብስ ያድርጉት ብዬ ለመንኩት።

«ገብቶኛል ልጄ» አለኝ። «ግን ከትናንት ወዲያ ተተክሏል። እንዲያው መልካም ነው ስትይኝ ልስማ ብዬ ነው።»

«መልካም ነው፣ አባዬ» አልኩት።