ሰሙ የኔ፣ ፀጉሩ የሱ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና በማር ወቅት ነው። ፊቴ ላይ ያበጠው ከጎደለ ቆይቷል። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም፤ ምክንያቱም ያን ቀን ያዳነኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከማንም አብልጬ የምቀናበት ሰው ነው። ሌላ ሰው ቢያድነኝ ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

የምኖረው መቱ ነው። ሥራዬ ማር ነው። ከሁሩሙ ገበያ እገዛለሁ፣ ቤቴ አምጥቼ አጣራለሁ፣ ማሩን ለጠጅ ቤቶች፣ ሰሙን ጧፍ ለሚሠሩ እሸጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ፣ ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። አጻጻፌ ቢሻክር አንባቢ ይታገሠኝ። ባይታገሠኝም ጽፌዋለሁ።

ባለቤቴ ለሊሴ ትባላለች። ቤታችን መንገድ ዳር ስለሆነ የፊቱን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋዋለች። የሴት ፀጉር ስትሠራ እኔ ምን አገባኝ። ጣጣው የጀመረው ቢንያም የሚባል ታፔላ ጻፊ የመጣ ቀን ነው። የፀጉር ቤቷን ታፔላ የጻፈላት እሱ ነው፤ ከላይ በኦሮምኛ ቁቤ፣ ከታች በአማርኛ። ሥሩ ቆሜ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ስሕተት ፈለግኩ፣ አጣሁ። እሱን መጥላት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ታፔላውን ሰቅሎ ከመሰላሉ እንደወረደ፣ "ለሊሴ፣ ድሬድ ታስጀምሪያለሽ?" አላት።

"ሠርቼ አላውቅም፤ ግን እጄ አያቅተውም" አለችው።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ከጓዳ ወጣሁና "ድሬድ ያለ ሰም አይይዝም። ሌላው በጣሳ ይገዛዋል፣ እኛ ቤት ሞልቷል" ብዬ ጥሩውን፣ ነጥሮ ቢጫ የሆነውን ሰም ቆርሼ ሰጠኋት። ለሱ አዝኜ አይደለም። ሰሜ የሚመሰገን መስሎኝ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ በሚመጣበት ቀን ሁሉ ሰም እሰጣት ነበር። እሷም ትቀበለኝ ነበር።

የሚመጣው እሁድ እሁድ ነው። እሱ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ከኋላው ወንበር ላይ። ራሱ ጉልበቷ መሃል ነው። አንዷን ቁራጭ ፀጉር ትይዛለች፣ ሥሯን ታዞራለች፣ ትጠቀልላለች፣ ትተዋትና ሌላ ትይዛለች። ይህ ሁሉ ከምሳ እስከ ማምሻ ነው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። ከኔ ጋር ስትስቅ ጥርሷ አይታይም።

እኔ በሩ አጠገብ ባዶ የማር ባልዲ ገልብጬ እቀመጥና አያለሁ። ሰሙ የኔ፣ እጁ የሚስቴ፣ ፀጉሩ የሱ። ሲወጣ ደግሞ "ጋሼ ታደሰ፣ ደህና ያምሹ" ይለኛል። ጋሼ! ብበልጠው ጥቂት ዓመት ነው። ጋሼ ባለኝ ቁጥር እጄን ይዞ ከቤቴ ያወጣኝና ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች አጠገብ ያስቀመጠኝ ይመስለኛል።

ሚስቴን ሊወስድብኝ ነው አልኩ። በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የምትወደው ፀጉር ከሆነ እኔስ ፀጉር የለኝም?

ለሊሴን ብጠይቃት ትስቅብኛለች። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሳልነግራት ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎሬ ወጣሁ። እዚያ ድሬድ የሚያስጀምር ፀጉር አስተካካይ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰም ይዤ ሄድኩ፤ የነጠረውን ግን አይደለም። የነጠረ ሰም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከማሩ ገና ያልተላቀቀው ሰፈፍ ደግሞ ሞቅ አድርገው ሲያሹት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ይኼን ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ሰፈፉን በላስቲክ ቋጥሬ ወሰድኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ትንሽ ቀባ አደረገና "ይበቃል፣ ሰም ሲበዛ ጥሩ አይደለም" አለኝ።

"ጨምር" አልኩት። "ሰም ነጋዴ ነኝ፣ ሰም አይቸግረኝም።"

ጨመረ። ትንሽ ቆይቶ "ይኼ ነገር ማር ማር ይላል" አለ። እኔ ምንም አልሸተተኝም። የማር ሽታ አፍንጫዬን ከተወው ዘመን ሆኖታል። ሲጨርስ መስተዋት ሰጠኝ። እውነቱን ልናገርና አላማረብኝም። ራሴ ላይ ጣት ጣት የሚያካክል ነገር ቆሟል። "ሲቆይ ይተኛል፣ እስኪይዝ አይታጠቡት" ብሎ ሸኘኝ።

ዕቅዴ እሁድ ቢንያም በተቀመጠበት ኮፍያዬን አውልቄ ለለሊሴ ማሳየት ነበር። እስከዚያ ወፍራም የሹራብ ኮፍያ አጠለቅኩ። "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ብርድ መቶኛል" አልኳት። ከነኮፍያዬ ተኛሁ።

እሁድ ሳይደርስ የሁሩሙ ገበያ ቀን ደረሰ። ማር መግዛት ነበረብኝ፣ ሄድኩ። ፀሐዩ ጭንቅላት ይሰነጥቃል። ከኮፍያው ሥር አንድ ነገር ወደ ጆሮዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ላብ መስሎኝ ጠረግኩት። ማር ተራ ስደርስ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ቢንያም። ትይዩ ካለው ሱቅ ግድግዳ ላይ መሰላል አቁሞ ይጽፋል።

"ጋሼ ታደሰ! በዚህ ሙቀት ሹራብ?" አለኝ ከላይ ሆኖ።

ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሁልጊዜ የምገዛቸው ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዋጋ ከተስማማን በኋላ ሳይመርቁ ማራቸውን አያስነሡም። ሲመርቁ ደግሞ በዙሪያው ያለ ወንድ ሁሉ ኮፍያውን ያወልቃል። ሁሉም አወለቀ። እኔ ቆምኩ።

"ታደሰ፣ ምርቃቱ በሹራብ ውስጥ አልፎ ይግባልህ ወይ?" አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ምን ላድርግ፣ አወለቅኩ። ሳቁ ተቋረጠ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ይኼ ሰው ምን ነካው?" ስትል ሰማሁ። ኦቦ ገመቹ ግን ጨዋ ናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ምርቃቱን ጀመሩ።

ማር ተራ ንብ አይጠፋም። ባልዲው አፍ ላይ ይንጎራደዳል፣ ማንም አይፈራውም። "ሆራ፣ ቡላ! ተባዙ፣ ኑሩ!" አሉ ሽማግሌው። "አሜን" አልን። አንዲት ንብ መጥታ ራሴ ላይ አረፈች። በምርቃት መሃል መወራጨት ነውር ነው፣ ዝም አልኩ። "ከብታችሁ ይርባ!" "አሜን።" ሌሎች መጡ። "ቤታችሁ ይሙላ!" "አሜን።" ባልዲው ላይ የነበረው ሁሉ ባልዲውን ትቶ እኔ ላይ ሰፈረ። ራሴ ላይ ሲርመሰመሱ ይሰማኛል። "ሚስቶቻችሁ ይባረኩ!" ሲሉ አንዷ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። አሜን ማለቱን ትቼ በጥፊ አጮልኳት።

አንድ ንብ ከተጨፈለቀች ሌላው ምን እንደሚሆን እኛ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። "ካኒሳ! ካኒሳ! ንብ ተነሣ!" ተባለ፣ ገበያው ተበተነ። እኔ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም፤ ንቡ ያለው እኔው ራስ ላይ ነው። ዓይኔን፣ ከንፈሬን፣ ማጅራቴን ነደፉኝ። በዚህ መሃል አንድ ሰው ቀለም ቀለም የሚሸት ጨርቅ ራሴ ላይ ጣለና ጎትቶ ሱቁ ውስጥ አስገባኝ። በሩን ዘጋው። ውጪ ያሉት ጭስ አጨሱ። ጨርቁን ቀስ ብሎ ሲያነሣልኝ ቢንያም ነበር።

እሱንም እጁንና አንገቱን ነድፈውታል። ስለራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ከግንባሬ ላይ የንቡን እሾህ በጥፍሩ እያወጣልኝ ፀጉሬን አየ፣ አሸተተም።

"ጋሼ፣ ሰም ነው እንዴ የተቀቡት? ለሊሴ አልነገረችዎትም?"

"ምኑን?"

"ሰም ፀጉር ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ አቧራ ይሰበስባል። እኔን አንድም ቀን ሰም ቀብታኝ አታውቅም። በእሬት ነው የምትሠራኝ።"

"እኔ የምሰጣትስ?"

ጥፍሩን ከግንባሬ ላይ አነሣ። አስጨነቅኩት። "እንዳይከፋዎት ብላ ነው። ወንበሯ ሥር ያለው ጣሳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች" አለኝ።

የንቡ ንድፊያ ከዚህ አይበልጥም። ቤቴ ውስጥ፣ ሚስቴ ወንበር ሥር ያለውን እኔ አላውቅም፣ እሱ ያውቃል።

ጨርቁን ተከናንቤ በሚኒባስ መቱ ገባሁ። ለሊሴ ስታየኝ ጮኸች። ፊቴ ተነፍቶ ዓይኔ አይታይም። መጀመሪያ ያደረግኩት ወንበሯ ሥር ማጎንበስ ነው። ጣሳው አለ። ሰሜ አለ፣ እንደሰጠኋት፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰሙን ስትሰጠኝ ፊትህ ይበራል። ስንት ጊዜ የሚበራ ፊት ነው ብዬ ላጥፋው?"

"ለሱ ነግረሽዋል።"

"እሱ ራሱ ላይ ምን እንደማደርግ ይጠይቀኛል። አንተ በሩ ላይ ተጎልተህ ታፈጣለህ እንጂ ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። ቀጥላም "ምን ፈልገህ ነው ግን እንዲህ የሆንከው? በዚህ ዕድሜህ!"

ምን እላታለሁ? ከንፈሬ አብጧል፣ ቃል አይወጣም። "እጅሽን" አልኩ። የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር።

ወደ በሩ ሄደች። የሚጠብቁትን ደንበኞቿን "ዛሬ አልችልም" ብላ መለሰችና በሩን ዘጋች። በርጩማዋ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ከኋላዬ ተቀመጠች። ዘይት አሙቃ ቀባችኝ፣ በማበጠሪያ ሳበች፣ በሙቅ ውኃ አጠበች፣ እንደገና ቀባች። ሰሙ ንቅንቅ አላለም። ያማል። ግን ጣቶቿ ራሴ ላይ ነበሩ፤ እሷ ሳቀችብኝ፣ ጥርሷ ይታይ አይታይ ከኋላዬ ስለሆነች አላየሁም። ሲመሽ "አይሆንም፣ ታዴ" አለችና በመቀስ ቆርጣ፣ በምላጭ ላጨችኝ።

ቅናቱ ለቀቀህ ወይ የሚለኝ ካለ፣ አለቀቀኝም። ቢንያም አሁንም ይመጣል፣ አሁንም ጋሼ ይለኛል፣ ድሬዱም ትከሻው ደርሷል። ስላዳነኝ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም። ይህን ያነበዋል፣ ፊደል ሥራው ነው። ጨርቁ ታጥቧል፣ ይውሰድ።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። እሁድ ከምሳ በኋላ በርጩማዋ ላይ መጀመሪያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለሊሴ ራሴን ትላጨኛለች። ቢንያም ቀድሞ ከመጣ በሩ አጠገብ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

"ጋሼ፣ አልጨረሳችሁም?" ይላል።

ራሴ ላይ የሚላጭ ነገር ካለቀ ቆይቷል። ምላጩን አስቀምጣ በመዳፏ ታሸኛለች። "ገና ነው" እለዋለሁ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።