የእድር ድስትና የአሜሪካ ሴናተር

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ ነው። የእድራችን ጎላ ድስቶች፣ ድንኳኑና ወንበሩ እዚህ አሜሪካ፣ ክሬንሾው በሚባል ሰፈር እኔ በተከራየሁት ቤት ጋራዥ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። መኪናዬ ደጅ ታድራለች፣ ድስቶቹ ቤት ያድራሉ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ቀን ፓርኪንግ ስሠራ የማየው ሰው ሁሉ ቁልፍ ወርውሮልኝ የሚሄድ ነው። ለቅሶ ወይም ክርስትና ሲኖር ግን ድስት ፈላጊ በሬን ያንኳኳል። ድስት ሊወስድ የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ሳያወራ አይሄድም። ሊመልስ የመጣ ደግሞ ከድግሱ የተረፈውን ይዞልኝ ይመጣል። የዕቃ ኃላፊነቱን የምወደው ለዚህ ነው፤ ለሌላ አይደለም።

የመረጡኝ ሦስቱ የሰፈር ተወካዮች ናቸው፤ የፌርፋክሱ፣ የክሬንሾውና የፓሳዴናው። ደንባችን እንዲያ ነበር። አባል ተወካይ ይመርጣል፣ ተወካይ ደግሞ ኃላፊ ይመርጣል።

አንድ እሑድ ፌርፋክስ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ተሰብስበን ሳለ ጸሐፊያችን ተነሣ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ያን ሰሞን የአሜሪካ ዜግነት ሊወስድ ለፈተናው ያጠና ነበር።

«እዚህ አገር ድሮ ሴናተር የሚመርጠው የየስቴቱ ምክር ቤት ነበር» አለ። «አሁን ግን ሕዝቡ ራሱ ቮት ያደርጋል። ሶ፣ እኛም የዕቃ ኃላፊያችንን በቀጥታ እንምረጥ።»

«ሴናተሩ ድስት ይጠብቃል?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ እሱ ዋሽንግተን ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው ሩቅ የሚሄደውን ማንም ይምረጠው። ድስት የሚጠብቀውን ግን ሰው የሚያውቅ ነው መምረጥ ያለበት!»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ሦስቱም የካርታ ጓደኞችህ አይደሉ እንዴ?»

«ስለሚያውቁኝ ነዋ!»

ደንቡ ይቀየር የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ከእኔና ከተወካዮቹ በቀር ሁሉም አወጣ። የፓሳዴናው ተወካይ እንኳ እጁን እስከ ግማሽ አንሥቶ፣ እኔን ሲያይ ጆሮውን አከከ።

ወዲያው ከኋላ አንዱ «ጋሼ ይቀጥሉ!» አለ። ቤቱ አጨበጨበ። ደስ አለኝ። ተነሥቼ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «የለም፣ እኔ ደክሞኛል፤ ሌላ ጎበዝ ፈልጉ» አልኩ።

እንዲህ ነው የሚባለው። ሰው ሲመርጡት እንደ ራበው ሰው ዘሎ አይቀበልም። እምቢ ይላል፣ ይለምኑታል። ደግሞ እምቢ ይላል፣ ሽማግሌ ተነሥቶ «በል አትጨክንብን» ይለዋል። ያኔ እያቃሰተ እሺ ይላል። ይሄን የማያውቅ አለ?

ጸሐፊው «ኦኬ፣ ጋሼ ዲክላይን አድርጓል፣ አልፈልግም ብሏል» ብሎ ስሜን ሰረዘው።

ልመናውን እየጠበቅሁ ቆሜ ቀረሁ። ባልድዊን ሂልስ ሰፈር ሰው ቤት አስታማሚ ሆና የምትሠራ አንዲት ሴት ተነሣችና፣ «እኔ እሠራለሁ» አለች። እንዲሁ፣ ሳታፍር! ቤቱ ሁሉ እጁን አወጣ። የፓሳዴናውም እጅ በዚህ ጊዜ ጆሮው ጋ አልቆመም።

«እኔ እኮ እምቢ ያልኩት ገና አንዴ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይበቃል» አለ ጸሐፊው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተወካዮቹ ቢሆኑ ቤቴ መጥተው፣ እምቢታዬን በወጉ ሰምተው ይለምኑኝ ነበር።

ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። «ቅዳሜ መጥቼ ዕቃውን እወስዳለሁ፤ እርስዎ ይረፉ» አለችኝ። ምኑን ልረፈው።

ቅዳሜ ሁለት ጎረምሶችና ፒክ አፕ ይዛ መጣች። ዕቃውን ጫኑ። ሲሄዱ ጋራዡን ጠረግሁ፤ ብናገር ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። መኪናዬን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከእንግዲህ ማን ያንኳኳል?

በሁለት ሰዓት ውስጥ ተንኳኳ። እሷ ናት፤ ፒክ አፑም ድስቶቹም ከኋላዋ።

ቤቷ ለካ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ትልቁ ጎላ ድስት መወጣጫው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ፣ አንዱ ጎረምሳ ከላይ፣ አንዱ ከታች ቀርተዋል። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት መውጫ አጥታ «ባኞ ነው?» ብላ ጠይቃለች። ቤት አከራዩ ደግሞ በአንድ እግሩ ቆሞ አስወጡልኝ ብሏል።

«እዚሁ እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ።

«ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።»

«ኃላፊዋስ እኔ ነኝ። ጋራዡ ግን የእርስዎ ነው።»

መኪናዬን አስወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ድስት ፈላጊ መጀመሪያ ለሷ ይነግራል፤ እሷ ደግሞ ቆጥራ ልታስረክብ አብራው ትመጣለች። ለአንድ ድስት ሁለት እንግዳ ሆነልኝ። ሻይ የማፈላበትን ማንቆርቆሪያ በትልቅ ለወጥሁ።

ጸሐፊውም ዜግነቱን ባገኘ ጊዜ ለድግሱ ድስት ሊወስድ መጣ። «አሁንስ ጋሼ፣ የሕዝብ ምርጫ ይሻላል አላልኩህም?» አለኝ።

«አይሻልም» አልኩት። «ተወካይ ቢሆን መጀመሪያ ቤቷን ሄዶ ያይ ነበር። ሕዝቡ እጁን ሲያወጣ መወጣጫዋን ያየ አለ?»

«ሴናተር እኮ ድስት አያስቀምጥም።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጣል?»

ብርጭቆውን ዘርግቶ ሁለተኛ ሻይ ቅዳልኝ አለኝ። ድስቱን ቆጥራ የጨረሰችው ኃላፊያችንም ቁጭ አለች።