ለፊና የተገዛው ጃንጥላ

አማከለች የተሳለችው ለልጅ ወይም ለከብት ቢሆን ኖሮ ወረታ ውስጥ ማንም ጉዳዬ አይላትም ነበር። እሷ ግን የተሳለችው ለአየርላንድ ፓርላማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊና የምትባል አየርላንዳዊት ነርስ ወረታ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ልብሷን የምታጥብላት፣ ወጧን የምትሠራላት አማከለች ነበረች። ፊና ደግ ናት፤ ዓይን አፋርነቷ ግን ለጉድ ነው። ሰው ሰብሰብ ካለ ፊቷ በርበሬ ይመስላል፣ ምላሷ ይተሳሰራል። ይህችው ሴት አገሯ ገብታ በ1979 ዓ.ም. ለፓርላማ ተመረጠች የሚል ወሬ ሲመጣ አማከለችን ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ያዛት። «ወይኔ ልጄን! ያን ሁሉ ሰው እንዴት ትችለዋለች?» ብላ ማርያም ሄደች። «እመቤቴ፣ ፊና ቆማ እንድትናገር ካደረግሽልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ስትል ተሳለች። ጃንጥላውንም ባሕር ዳር ልካ አስገዛች፤ ቀይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው።

ከዚያማ ሥራዋ ፊናን መከታተል ሆነ። ለጤና ጣቢያው ከፊና አገር ጋዜጣ ይላካል፤ ከርሞም ቢሆን ይደርሳል። የሚያነብላት የጤና ጣቢያው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ ደሳለው ነው።

«ደሴ፣ ተናገረች?»

«ስብሰባው ላይ ተገኝታለች ይላል።»

«መገኘትማ ወንበሩም ተገኝቷል። ተናገረች ወይ?»

«ድምፅ ሰጥታለች። ሌላ የለውም።»

ክረምት ገባ፤ የፎገራ ሜዳ ውኃ ለበሰ። አማከለች ጃንጥላውን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ የእመቤቴ ነው እያለች፣ እሷ እየበሰበሰች ገበያ ትወጣለች። ገበያተኛውም «ፊናሽ ተናገረች?» እያለ መድረሻ አሳጣት።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ድንቅነሽ ሳቋ እያመለጣት፣ «እታለም፣ ፊናን ተያት። አንቺ ራስሽ የሴቶች ማኅበር ኮሚቴ ከተመረጥሽ ዓመት አለፈሽ። እጅ ከማውጣት ሌላ ምን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ነገሩ አማከለችን ሲከነክናት ሰነበተ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ሪፖርት አነበበ። የማኅበሩ ወፍጮ ሴቶችን በሚገባ እያገለገለ ነው ይላል። ወፍጮው ግን ከተበላሸ ከርሟል፤ ሴቱ ሁሉ ጭቃ እያቦካ እህሉን ሌላ አገር ያስፈጫል። «የምትደግፉ?» ሲል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የአማከለችም እጅ እንደ ልማዱ ወጣ። ያን ጊዜ ፊና ትዝ አለቻትና ራሷም ብድግ አለች። ፊቷ በተራው በርበሬ መሰለ።

«ጓድ፣ ወፍጮው አይሠራም።»

እንዲህ የተናገረ አድኃሪ ተብሎ የሚታሰርበት ዘመን ነው፤ ድንቅነሽ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ካላመኑኝ ሄደን እንየው» አለች አማከለች። «ዶሮ እንቁላል ታቅፋበታለች።»

አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ካድሬው መቆጣት እንዳሰበ ሳቅ ቀደመውና ወፍጮው እንዲጠገን ተወሰነ።

አማከለች ከአዳራሹ ቤቷ፣ ከቤቷ ጃንጥላውን አንጠልጥላ ማርያም ሮጠች። መምሬ ተክለ ማርያም ደጀ ሰላሙ ላይ አገኟት።

«ፊና ተናገረች እንዴ?»

«ኧረ እሷስ እንደተቀመጠች ናት፣ አባቴ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ይኸኛው የኔ ነው። የሷን ስትናገር ሌላ ገዝቼ አመጣለሁ።»