ግማሽ ክኒን

እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት ከእኔ ቀድመው ያወቁት ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬ ፈጣሪዬን ከማመሰግንባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ግን ንዴቴ ጨርቅ የሚያስጥል ነበር።

ወልቂጤ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እናቴ ቡታጅራ ብቻዋን ትኖራለች፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ከእኔ ሌላም ልጅ የላትም። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በአገና በኩል ተራራውን አቋርጬ እሄዳለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የሰው የቆጮ ጥቅል ጉልበቴ ላይ ሳይቀመጥ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደሞዜ ከወር ወር አያደርሰኝም፤ በዚያ ላይ ዲግሪዬን በርቀት ትምህርት ጀምሬ ስለነበር የክፍያው ወቅት ሲመጣ ከመቀነቷ የምትፈታልኝ እናቴ ነበረች። አስተማሪዋን የምታስተምረው በርበሬ ቸርቻሪ እናቷ ናት ማለት ነው። አፍሬበት አላውቅም።

ከቆሼ በኩል የሚመጣውን የማረቆ በርበሬ ገበያ ላይ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። ሥራዋን ሲጠይቋት ግን ደረቷን ነፍታ «ነጋዴ ነኝ» ነው የምትለው። ከገበያ ስትመለስ ገና በሩ ሳይከፈት እኔ ማስነጠስ እጀምራለሁ።

ከአጥር ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን መስቃን ተወልደው ቡታጅራ ያረጁ ሙስሊም ባልቴት ነበሩ። አንዲት ሴት ልጃቸው ወደ ገጠር አግብታ ሄዳለች። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ እሳቸው አምስት ወቅት ሰጋጅ። እናቴ «እትዬ» ትላቸዋለች፣ እኔ «እማማ»። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አጥር ስሙ አጥር ይሁን እንጂ ከመመላለስ ብዛት መሐሉ ሰው የሚያሾልክ ሆኖ ነበር። በእነሱ ደንብ አንድ ቤት የገባ ነገር ለአንድ ቤት ብቻ አይቀርም። ቆጮ ከጉድጓድ ሲወጣ ግማሹ ይሻገራል። ቅቤ ሲገዛ ለሌላው ቤት ተቆርሶ ይሄዳል። ጨው እንኳን ሲገዛ ቆንጥረው ይሰጣጣሉ፣ ሁለቱም ቤት ጨው እያለ።

በዚያ ሰሞን የጤና መድን ወደ ከተማችን መጣ። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ መታወቂያውን እያሳየ ጤና ጣቢያ ይታከማል። ሰዉ መጀመሪያ አጉረመረመ። እድራችን ግን አንድ ደግ ነገር አደረገ፤ ጧሪ አብሯቸው ለሌለ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች መዋጮውን ከካዝናው ሊከፍል ወሰነ። ከዚያ በፊት እድራችን ሰው ሲሞት እንጂ ሰው ሲታመም እጁን ዘርግቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሰባ አደረጉት። ለምን ሰባ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ጎረቤታችን ሰባን ማለፋቸውን ሰፈሩ መሰከረላቸውና ገቡ። እናቴ አልደረሰችም።

ራሷ ከፍላ እንዳትገባ ምዝገባው ከእኔ የትምህርት ክፍያ ጋር ተጋጨ። የእኔን መረጠች። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ግፊት ስትለካ የእናቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ፣ በየወሩ የሚገዛ መሆኑን ስትሰማ እናቴ የወሰነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ እንዳትሰማ። ከሰማች ትምህርቷን ታቆማለች አለች። እውነቷን ነው፣ አቆም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እናቴ ደግሞ የደበቀችው ከእኔ እንጂ ከአጥር ወዲያ አልነበረም፤ መድኃኒቱም የመጣው ከዚያው ነው።

ጎረቤታችንም ግፊት ነበረባቸው፤ በመድን መታወቂያቸው በየወሩ ክኒን ያመጣሉ። ጠዋት ጠዋት አንዷን ክኒን በምላጭ ለሁለት ይሰነጥቁና ግማሿን በአጥሩ ያቀብላሉ። እናቴ እዚያው ቆማ በውሃ ትውጣለች። አንዳንድ ቀን ምላጩ ያጋድልና አንደኛው ወገን ይተልቃል። ያን ጊዜ በትልቁ ይጨቃጨቃሉ። «አንቺ ውሰጂው።» «የለም፣ እርስዎ ይውሰዱት።» የመጨረሻዋን ጉርሻ እንደሚገባበዙ ሰዎች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የጎረቤታችን ግፊት አልወርድ ሲላት ግራ ገባት። «እማማ፣ በትክክል ይወስዳሉ?» ስትላቸው «አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩ» ይሏታል። አልዋሹም። እሷም መጠኑን እጥፍ አደረገችላቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሙሉ ክኒን ደረሰቻ። ለጥቂት ወራት ሁለቱም ደህና ሆኑ።

ቆይቶ የጎረቤታችን እግር ማበጥ ጀመረና ነርሷ መድኃኒቱን ሰውነት ውስጥ ያለ ውሃ በሚያስወጣ ሌላ ዓይነት ለወጠችው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው አካፈሉ። አንድ የገበያ ቀን እናቴ የአዲሱን ክኒን ድርሻዋን ውጣ፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ ፀሐይ ላይ በርበሬዋ ፊት ተቀምጣ ዋለች። ለደንበኛ ልትሰፍር ብድግ ስትል ዐይኗ ጨለመባትና በርበሬው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

ተደውሎልኝ ቡታጅራ ስደርስ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ነበረች፣ ጉሉኮስ ተሰክቶላት። ፊቷ ከበርበሬው የተነሣ አብጦ ዐይኗ አይታይም። ጎረቤታችን ራስጌዋ ተቀምጠው በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉላታል። ነርሷ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስትለኝ በሙሉ ልብ «ምንም የለም» አልኳት።

«የኔን ነው የምትወስደው» አሉ ጎረቤታችን።

እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው። በሰው እናት ላይ መድኃኒት ይሞከራል ወይ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ እስኪዞር ጮኽኩ። እሳቸው ጨርቁን ጨምቀው መጥረጋቸውን ቀጠሉ። «ዝም በይ፣ እሳቸው ባይኖሩ እስካሁንም የለሁም» ያለችኝ እናቴ ናት፣ ዐይኗን ሳትገልጥ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፣ የትምህርት ክፍያውን ጭምር። ነርሷ ሁለቱን እያፈራረቀች አየችና «የሰው መድኃኒት አይወሰድም፤ ግማሽ መድኃኒትም መድኃኒት አይደለም» አለች። እናቴ የራሷን መድኃኒት ካልጀመረች የሚቀጥለው ውድቀት የማትነሣበት ሊሆን እንደሚችል ለብቻዬ ጠርታ ነገረችኝ።

ትምህርቴን አቆማለሁ አልኩ። እናቴም ካቆምሽ ክኒን የሚባል ነገር አልውጥም አለች። ሁለታችንም ያልነውን የምናደርግ ሰዎች ስለሆንን ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ወሬው እድሩ ዘንድ ደረሰ። የእድራችን ሕግ ጥብቅ ነው፤ ለአንድ አባል የተሰጠ ነገር ለሌላ አይተላለፍም። ጎረቤታችን ከመድኑ ይሰረዙ ወይስ ተቀጥተው ይታለፉ የሚለው ጉዳይ ለእሁድ ስብሰባ ቀረበ። እኛም ከቸርች ስንወጣ በቀጥታ ወደዚያው ሄድን። አግዳሚዎቹ ከእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ተደርድረዋል፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። የእድሩ ዳኛ አናጺ ነበር፣ ንግግሩ ለዘብ ያለ፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም የሚያከብረው ሰው።

«እትዬ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ክኒን ተካፈሉ ማለት አይደለም» ብሎ ጀመረ። ሰዉ ሳቀ። ጎረቤታችን ሻሻቸውን አስተካክለው ከኋላ ተነሡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ጉራግኛ በሚጎትተው አማርኛቸው። «ይህቺ ሴት ያን ቀን ገበያ ላይ ሞታ ቢሆን ድንኳን ትተክሉ ነበር?»

«እንዴታ፣ አባል ናት እኮ።»

«ለቀስተኛዋን ታበሉ ነበር?»

«አዎ፣ እናበላለን።»

«ዕድሜዋንስ ትጠይቁ ነበር?»

«የለም፣ አንጠይቅም።»

«ለድንኳኑ ዕድሜ ካልጠየቃችሁ ለክኒኑ ለምን ትጠይቃላችሁ? እኔን ከሰረዛችሁኝ ሰርዙኝ። ወላሂ፣ እሷን ከመቅበር ማሳከም ይቀላችኋል» አሉና ተቀመጡ።

ጉባኤው ተንጫጫ። ካዝናው ይራቆታል ያለ ነበር፤ እውነትም አለው። ሌላው ደግሞ የራሱን እናት ማንሣት ጀመረ። ዳኛው እስኪበርድላቸው ጠበቀና «ስልሳ ብናደርገውስ?» አለ። ብዙ እጅ ተነሣ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «እህቴ፣ መቼም ስልሳ ሞልቶሻል አይደል?» አላት። መልሱን አብሮ ነው የሰጣት። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እድሩ በሙሉ ያን አዎ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚያጣራም አልነበረም።

እናቴ ተነሣች። የፊቷ ቆዳ ከበርበሬው በኋላ ገና እየተላጠ ነበር።

«አልሞላኝም» አለች። «አብዮቱ ሲፈነዳ ገና ያልተዳርኩ ልጅ ነበርኩ። ብሆን ብሆን ሃምሳ ስምንት ነው።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ቀሚሷን ከኋላ ጎተትኩ፣ እጄን መታችው። ያቺ ሴት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብትዋሽ ጌታ ይቅር የማይላት ይመስል! ጎረቤታችን እንኳን አንገታቸውን ደፉ።

ዳኛው እናቴን አየ። ከዚያ አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አየ። ከዚያም እንደ ቀላል ነገር «እንግዲያው ሃምሳ አምስት እንበለው» አለ።

«ሃምሳ አምስት ደግሞ አረጋዊ ይባላል እንዴ?» አለ አንድ ሰው።

«አንተ ስንት ሆነህ ነው?» አለው ዳኛው። ሰውየውም አብሮ ሳቀ፣ እጁንም አነሣ።

ያን ቀን የተነሡትን እጆች መቼም አልረሳቸውም። የበርበሬ እጅ፣ የሙጫ እጅ፣ የግራሶ እጅ። ባለጸጋ አልነበሩም፤ እያንዳንዱ እጅ ከራሱ ኪስ ነበር የሚፈቅደው። እኔ ክፍል ውስጥ ለልጆች እጅ አውጡ ስል ዛሬም ያ እሁድ ይመጣብኛል። ምዝገባው እስኪከፈት ድረስ የእናቴን መድኃኒት እድሩ እንዲገዛም ተወሰነ። ጎረቤታችን አልተሰረዙም፤ ቅጣታቸው ከዚያ በኋላ ክኒናቸውን ሳይቆርጡ እንዲውጡ ብቻ ሆነ። ከእናቴ ጋር ብዙ ሰው ገባ። ዕድሜያቸውን ሲቀንሱ የኖሩ የሰፈራችን ሴቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ አረጁ።

በማግሥቱ ወደ ወልቂጤ ከመመለሴ በፊት ሙዝ ገዝቼ ጎረቤታችን ቤት ገባሁ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ተይው፣ እናትሽ እኮ ናት» ብለው ሙዙን ገምሰው ግማሹን ሰጡኝ። የከነከነኝን ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ግማሽ ክኒን እንደማይበቃዎት አላወቁም ነበር?»

«አውቄያለሁ እንጂ።»

«ታዲያስ?»

«ሙሉውን ውጬ ብቻዬን ብቀር ከማን ጋር ላወራ? ካንቺ ጋር? አንቺ እንደሆነ ትቆጫለሽ።»

ትምህርቴን ጨረስኩ። እናቴ የራሷን መድኃኒት በየወሩ ማምጣት ጀመረች፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ተቀጣጥረው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ተራ እየጠበቁ ያወራሉ፣ ነርሷ ስትጠራቸውም ወሬያቸውን ሳይጨርሱ አይነሡም። ለዓመታት እንዲህ ኖሩ። ግፊት አይደለም በኋላ ጎረቤታችንን የወሰዳቸው፣ ሌላ በሽታ ነው። ልጃቸው ከገጠር መጥታ እስከ መጨረሻው አስታመመቻቸው።

ባረፉ ዕለት እኔም ቡታጅራ ነበርኩ። እድሩ ድንኳኑን ከማለዳ ተከለ፤ ጀናዛው ከቀትር በፊት ሊወጣ ነው። እናቴ ከሴቶቹ መሐል መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ እህል ውሃ አልቀመሰችም፣ ብለምናትም አልሰማ አለችኝ። ልጃቸው ዐይኗ በለቅሶ እንዳበጠ በሴቶቹ መካከል እየተሽሎከሎከች መጣች። በአንድ እጇ ዳቦና ውሃ፣ በሌላው ከእኛ ቤት ያመጣችው የእናቴ ክኒን። አጠገቧ በርከክ ብላ ተቀመጠች።

«እናቴ አደራ ብላኛለች» አለቻት። «እኔ የሞትኩ ቀን በለቅሶ መሐል መድኃኒቷን ትረሳለች፣ አንቺ አስታውሺያት ብላኛለች።»

እናቴ ክኒኗን በመዳፏ ተቀበለች። ከዚያ ዳቦውን ቆርሳ ቀመሰችና ሙሉዋን ዋጠቻት።