ታጥቦ የተደፋ አፈር

ሚስቴ አሶሳ ሆስፒታል ከተኛች ወር አልፏታል፤ ከመንጌ ስመላለስ ጸሎቱም ታክቶኛል። ሰሞኑን መኪናችን ወንዝ ዳር ተበላሸና፣ መጽሐፍ ቅዱሴን አውጥቼ ባሕር የተከፈለበትን ቦታ ማንበብ ያዝኩ። አጠገቤ አንዲት የበርታ እናት በገበቴ ወርቅ ያጥባሉ።

«ምን ይላል?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«እግዚአብሔር ለሙሴ ባሕር እንደከፈለለት።»

«የሙሳ ወሬ አዲስ ነው ላንተ?»

«ኧረ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ታነባለህ?»

አፍሬ ወደ ገበቴው ሳቀረቅር፣ ለካ አፈሩን የሚዝቁት ከታጠበ ክምር ላይ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ታጥቦ የተደፋ አይደል?»

«አዎ። ድሮ እናቴ አጠበ።»

«ታዲያ ምን ያደክምዎታል?»

«እናቴ ወርቅ ያገኘው እዚህ ነው» አሉና እርጥብ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

ጫፉ ላይ ጤፍ የምታክል ወርቅ ተለጥፋለች።